በቀን የሚገዛ የሌሊት ዕቃ

በከምባታ ዞን፣ በዳምቦያና በአካባቢዋ፣ የእጅ ባትሪ የጌጥ ዕቃ አይደለም። ቤቶች በእንሰት ተክል በተከበቡበት ቀዬ ያለው ጨለማ ከሜዳው ጨለማ ይለያል፤ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች የጨረቃን ብርሃን እንኳ ከመሬት እንዳይደርስ ይጋርዱታል። በዚያ ጨለማ ውስጥ የጅብ ድምፅ የተሰማበት በረት ይፈተሻል፣ ለመውለድ የተቃረበች ላም ትጠበቃለች፣ ወደ ለቅሶ ቤት ይኬዳል፣ ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰዳለች። የኤሌክትሪክ መስመር በገባበት ከተማም ቢሆን መብራት በጠፋ ጊዜ ተማሪው የሚያነበው፣ የጥበቃ ሠራተኛውም አጥሩን የሚዞረው በእጅ ባትሪ ነው። ስለዚህ ስለ እጅ ባትሪ ጥራት መነጋገር ስለ ትንሽ ነገር መነጋገር አይደለም።

እንደሚታወቀው፣ ባለፉት ዓመታት በገጠር ከተሞች ሱቆች ውስጥ «ታክቲካል» የሚባል አዲስ ዓይነት ባትሪ በብዛት መታየት ጀምሯል። አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ማብሪያው በጭራው ላይ የተገጠመ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ነገር ግን ጨረሩ ከመንደር ማዶ ያለ ዛፍ የሚያሳይ ባትሪ ነው። አንዳንዱ ከውጭ አገር በሚመለስ ወገን ሻንጣ ውስጥ ይመጣል፤ አብዛኛው ግን በነጋዴ እጅ አልፎ ከመደርደሪያ ላይ ይገኛል። በካርቶኑ ላይም ሺህና አሥር ሺህ የሚሉ ቁጥሮች በደማቅ ቀለም ታትመውበታል።

ከባለቤቶቹ የምንሰማው አስተያየት በሦስት የሚከፈል ሆኖ አግኝተነዋል። የመጀመሪያዎቹ በጣም የረኩ ናቸው፤ ዝናብ ያልበገረው፣ ወድቆ ያልተሰበረ፣ ዓመታት ያገለገለ ባትሪ አላቸው። ሁለተኛዎቹ በመጀመሪያው ሌሊት የተደነቁ፣ በወሩ ግን ያዘኑ ናቸው። ሦስተኛዎቹ ባትሪያቸው ደህና ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ልዩ ድንጋይ ስለሞተና ምትኩ በአካባቢው ስላልተገኘ፣ ውዱን ዕቃ ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ናቸው። ሦስቱም ወገኖች ሲገዙ ያዩት ካርቶን ተመሳሳይ ነበር። ጥያቄያችን የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ ገዢው ሦስቱን ዕጣዎች አስቀድሞ ሊለይ የሚችለው በምንድን ነው?

ቅቤ ገዢ ሳያሸት አይገዛም። እህል ገዢም ከጆንያው ዘግኖ በመዳፉ ያገላብጣል፣ በጥርሱም ይሰብራል። ባትሪ ገዢ ግን ይህ ዕድል የለውም። ገበያ የሚቆመው በቀን ነው፤ ባትሪ የሚፈተነው በሌሊት ነው። በቀትር ፀሐይ ሥር ሲበራ ደካማውም ብርቱውም ባትሪ እኩል ዓይን ይወጋል። ስንት ሰዓት እንደሚያበራ ደግሞ በሱቁ በር ቆሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ገዢው ያለው ብቸኛ ማስረጃ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። የእኛ አቋም አጭር ነው፦ ያንን ቁጥር መመርመር የሳይንስ ተማሪዎችና የሳይንስ መምህራን ሥራ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው መሣሪያ ከምናስበው በላይ ቅርብ ነው።

ከፈትል ወደ ዳዮድ

በኪስ ወይም በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መብራት የመጀመሪያ የባለቤትነት መብት ከተሰጣቸው አንዱ ዴቪድ ሚዜል ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1899 ነበር። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የባትሪው ነገር ብዙም አልተለወጠም፤ ሁለት ወይም ሦስት ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ አምፖል፣ ከበስተኋላው አንጸባራቂ ቆርቆሮ። የአምፖሉ ቀጭን ፈትል የሚያበራው ስለሚግል ነው፤ ስለዚህ ከድንጋዩ ከሚወጣው ኢነርጂ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የድሮው ባለሁለት ትልልቅ ድንጋይ ባትሪ የሚሰጠው ብርሃን ከ10 ሉመን ብዙም አይርቅም ነበር። ሉመን ማለት ከመብራቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን ነው። አንድ ተራ ሻማ ወደ 12 ሉመን ገደማ እንደሚሰጥ ካሰብን፣ ያ ባትሪ የሠራው ሥራ የሻማን ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ መሰብሰብ ነበር ማለት እንችላለን።

በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ተግባራዊ ዳዮድ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 በኒክ ሆሎንያክ ነው። ነገር ግን ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊው መገኘት ነበረበት፤ እርሱም ሠላሳ ዓመት አስጠበቀ። ብሩህ ሰማያዊ ዳዮድን እውን ያደረጉት ጃፓን ተወላጆቹ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። የዛሬው ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ነው፤ በላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ፎስፈር የሰማያዊውን ከፊል ወደ ቢጫ ስለሚለውጠው የሁለቱ ድብልቅ ለዓይናችን ነጭ ይመስላል። ይህን ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ የጠፋ ባትሪን መስታወት አሻግሮ መሐሉን ማየት ይበቃል። እዚያ የምትታየው ትንሽ ቢጫ ነጥብ ፎስፈሩ ናት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ከዚህ አንድ ተጨማሪ ነገር ማስላት ይችላል። የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖ ሜትር የሆነ ሰማያዊ ፎቶን ኢነርጂው 1240ን ለ450 በማካፈል 2.75 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ነጭ ኤልኢዲ በደንብ ለማብራት 3 ቮልት የሚጠጋ ይፈልጋል። እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት የሆኑ ሁለት ድንጋዮች ትንሽ እንደደከሙ ከዚያ በታች ይወርዳሉ። ርካሾቹ የኤልኢዲ ባትሪዎች ሦስት ትንንሽ ድንጋይ የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት አዲስ ድንጋዮች 4.5 ቮልት ስለሚሰጡና በብዙዎቹ ውስጥ ጅረቱን የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ስለሌለ ግን፣ ዳዮዱ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከአቅሙ በላይ ይነዳል፤ በኋላ ደግሞ ይደክማል። በመጀመሪያ መደነቅ፣ በወሩ ማዘን የሚባለው ታሪክ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ይቻላልን?

አሁን ወደ ታክቲካሉ እንመለስ። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ድንጋይ 18650 የሚባለው ሊቲየም አዮን ነው፤ ስሙ ከልኩ የመጣ ሲሆን ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግረናል። በዚህ መጠን የሚሠራ እውነተኛ ጥሩ ድንጋይ የሚይዘው 3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። በገበያ ላይ ግን 9800 የሚል የታተመባቸው በርካታ ድንጋዮች ይሸጣሉ። ይህ ቁጥር በዚያ ልክ ዕቃ ውስጥ የሚገባ አይደለም።

እውነተኛውን ይዘን እናስላ። 3.5 አምፔር ሰዓት በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12.6 ዋት ሰዓት ይሆናል። ጥሩ የእጅ ባትሪ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ያወጣል ብንል፣ ባትሪው በ1000 ሉመን አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በ50 ሉመን ግን 25 ሰዓት ያህል ያበራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ጉዞና የአንድ ሳምንት ልዩነት ነው። አሁን «10,000 ሉመን» የሚለውን እንመርምር። ይህን ለማውጣት 100 ዋት ያስፈልጋል። አንዱ ድንጋይ 28 አምፔር የሚጠጋ ጅረት መስጠት አለበት፤ ቢችልም እንኳ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ከግማሽ የሚበልጠው ኢነርጂ ሙቀት ስለሚሆንም ባትሪውን በመዳፍ መያዝ አይቻልም፤ የቀድሞውን የ60 ዋት አምፖል ሲበራ የነካ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንግዲህ ያ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚባለው ተረት የሚለይ አይደለም።

«ቲ6» የሚለው ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የጥራት ማኅተም ይመስለዋል። ቃሉ የመጣው ክሪ የተባለው የአሜሪካ አምራች ዳዮዶቹን በሚያወጡት ብርሃን ለመመደብ ከተጠቀመበት መለያ ነው። ከምድቡ ስም ብቻ ተነስቶ ባትሪው ጥሩ ነው ማለት፣ በጆንያው ላይ የተጻፈውን አይቶ ጤፉ ማኛ ነው እንደማለት ነው።

ውዱ ባትሪ የሚሸጠው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። እውነተኛው ውድ ባትሪ ዋጋውን ያለ ምክንያት አላወጣም። በውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ሰርኪዩት የድንጋዩ ቮልት እየወረደ ሲሄድ ብርሃኑ አብሮ እንዳይወርድ ያደርጋል፤ አካሉ ሲግልም ጅረቱን በራሱ ይቀንሳል። በመጋጠሚያዎቹ ያሉ የጎማ ቀለበቶች ውኃ አያስገቡም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁጥሮቹ የሚለኩበት የታወቀ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የወጣው ኤፍኤል1 የተባለ ደረጃ፣ ሉመን ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ እንዲለካ ያዛል፤ የሚያበራበት ሰዓትም ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ነው። ርቀቱ ደግሞ ጨረሩ 0.25 ሉክስ የሚሆንበት ሥፍራ ነው፤ ይህም የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ማለት ነው። «200 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ በዚያ ርቀት በሙሉ ጨረቃ የሚታየውን ያህል ይታያል ማለት እንጂ መጽሐፍ ይነበባል ማለት አይደለም።

ነገር ግን በሚገባ የተሠራ ሁሉ ለሁሉም ሥራ ተስማሚ ነው ማለት አይቻልም። «ታክቲካል» የሚለው ቃል የመጣው ከፖሊስና ከውትድርና ሥራ ነው። ጠባቡ ብርቱ ጨረር የተፈለገው ከሩቅ ያለን ሰው ለመለየትና የተቃዋሚን ዓይን ለማፍዘዝ ነው፤ የሚርገበገበው ብልጭታም ለዚሁ ነው። በእንሰት መካከል ባለች ቀጭን የእግር መንገድ የሚሄድ ሰው ግን የሚፈልገው ከእግሩ ሥር ያለውን ጭቃና ድንጋይ የሚያሳይ ሰፊ ለስላሳ ብርሃን ነው። ጨለማን የለመደ ዓይን ሙሉ ብቃቱን ለማግኘት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። በአቅራቢያው ካለ ቅጠል ላይ ተንጸባርቆ የተመለሰ ብርቱ ጨረር ይህን በአንድ ቅጽበት ያጠፋዋል። ባለቤቶች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዝቅተኛውን ብርሃን ለማግኘት ቁልፉን ሲጫኑ በቅድሚያ ከፍተኛውና ብልጭታው ይመጣል። በሕፃን አልጋ አጠገብ ወይም በወላድ ላም ፊት ይህ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ጉዳይ ድንጋዩ ነው። በየሱቁ የሚገኘው ድንጋይ የሚገባበት መካከለኛ ባትሪ፣ ድንጋዩ ከሩቅ ከተማ ከሚመጣ ምርጥ ባትሪ ለዳምቦያ ነዋሪ ሊሻል ይችላል። ምትክ ሲጠፋ ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ የወጣ ድንጋይ መግጠም የተለመደ መፍትሔ ሆኗል። አደገኛነቱን ግን ልብ ማለት ይገባል። ሊቲየም አዮን ድንጋይ ከ4.2 ቮልት በላይ ሲሞላ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ሲገናኙ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ መከላከያ የሌለውን ድንጋይ በማይታወቅ ቻርጀር ሰክቶ መተኛት፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በኪስ መያዝ፣ የሞተውንም ወደ እሳት መጣል ፈጽሞ አይገባም።

ከኬንያ የምንማረው

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 «ላይቲንግ አፍሪካ» የተባለውን ፕሮግራም ከጀመሩ በኋላ፣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በኬንያ ገበያ የሚሸጡ ርካሽ የኤልኢዲ ባትሪዎችን መርምረው ነበር። ብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ባትሪያቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ችግር እንደገጠመው ተናገሩ። ተመራማሪዎቹን ይበልጥ ያሳሰባቸው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ በቴክኖሎጂው በራሱ ላይ እምነት ያጣል፤ ጥሩው ሲመጣም አይገዛውም።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ጥሩውን ማቅረብ ስለማያዋጣ ጥሩው ከገበያው ይወጣል። ስለዚህ ሐሰተኛው ቁጥር የሚጎዳው ገዢውን ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ዕቃ የሚያመጣውን ነጋዴም ጭምር ነው። አንዳንዶች «ውድ የሆነውን የገዛ አይታለልም» ይላሉ። ዋጋ ግን ምርመራ አይደለም፤ የውዱን ስም በርካሹ ላይ ማተም ቀለም ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ዘይት የጠጣ ወረቀት

«ታዲያ እኛ በምን እንለካው? የብርሃን መለኪያ የለንም» የሚል ተማሪ ይኖራል። በቤተ ሙከራ ስሙ የሚጠራው ሮበርት ቡንሰን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጠቀመበት መለኪያ የተሠራው ከአንድ ወረቀትና ከአንድ ጠብታ ቅባት ነበር። ነጭ ወረቀት መሐል አንድ ጠብታ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ አድርጉና በጨለማ ክፍል ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። በአንዱ ጎን ሻማ፣ በሌላው ጎን ባትሪውን አስቀምጡ። ከምታዩበት በኩል ያለው ብርሃን ሲበረታ ጠብታው ጠቁሮ፣ ከበስተጀርባ ያለው ሲበረታ ደግሞ ደምቆ ይታያል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ጠብታው ይጠፋል።

ብርሃን በርቀት ካሬ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ሻማው ከወረቀቱ በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ባትሪው በ4 ሜትር ላይ ሆነው ጠብታው ቢጠፋ፣ የርቀቱ ንጽጽር 20 እጥፍ ነው፤ ካሬው 400 ይሆናል። ሻማው 1 ካንዴላ ገደማ ስለሆነ የባትሪው ጨረር 400 ካንዴላ ገደማ ነው ማለት ነው። በኤፍኤል1 ቀመር ርቀቱን ለማግኘት የ400ን ካሬ ሥር በ2 እናባዛለን፤ 40 ሜትር ይሆናል። በካርቶኑ ላይ «500 ሜትር» የሚል ተጽፎ ከሆነ ተማሪው የሚለው ነገር አገኘ። የኤልኢዲውና የሻማው ቀለም ስለሚለያይ ጠብታው ፈጽሞ አይጠፋም፤ ስለዚህ ብዙ ተማሪዎች እየተፈራረቁ ይመልከቱ፣ አማካዩም ይወሰድ።

የሚያበራበትን ሰዓት ለማወቅ ደግሞ አዲስ ወይም በሚገባ የተሞላ ድንጋይ ገጥሞ ባትሪውን ሳያጠፉ በየግማሽ ሰዓቱ መለካት ነው። ብርሃኑ ወደ 10 በመቶ ወረደ የሚባለው ሚዛኑ የሚጠበቅበት ርቀት ከ4 ሜትር ወደ 1 ሜትር ከ26 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር ነው። ሙከራው የሚጠይቀው ሜትር፣ ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ምን ይደረግ?

በዳምቦያ የሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት በአካባቢያቸው የሚሸጡትን የባትሪ ዓይነቶች በየሴሚስተሩ ቢለኩና ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፉ እንወዳለን። በሆሳዕና የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የዱራሜ ካምፓሱም የተሻለ መሣሪያ በመያዝ የክበባቱን ልኬት ቢያመሳክሩ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልጉ ተማሪዎችም ይህን ቢሰጡ መልካም ነው። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም በካርቶን ላይ የሚጻፍ ሉመን፣ ሰዓትና የድንጋይ አቅም ሊለካ የሚችል እንዲሆን የሚያስገድድ አሠራር ቢያጠናክር የክበባቱ ጥረት መሬት ይይዛል።

«ለአንድ የእጅ ባትሪ ይህን ያህል ፊዚክስ ምን ያደርጋል?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን፣ ገዢው ፊዚክስ እንዲማር አልጠየቅንም የሚል ነው። ፊዚክስ የተማረው ልጁ ወይም የጎረቤቱ ልጅ እንዲለካለት ነው የጠየቅነው። በየቤቱ ለዓመታት ክፍያ ተከፍሎለት የመጣ ትምህርት ለቤቱ የሚመልሰው አንድ ነገር ይኑር።

እስከዚያው ድረስ ለገዢዎች ሦስት ጥያቄዎች እንተዋለን። በዝቅተኛው ብርሃን ስንት ሰዓት ያበራል? ድንጋዩ እዚሁ ከተማ ይገኛል? ዛሬ ማታ ሞክሬው ካልሆነ ነገ ትመልስልኛለህ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልና ጥያቄዎቹን ማንሳት አያሳፍርም። ለሦስተኛው «አዎን» የሚል ነጋዴ ዕቃውን በሌሊት ሞክሮ የሚያውቅ ነው።